ያንኑ ኮድ ስንት ጊዜ እንጽፋለን? ስለ ኦፕን ሶርስ የከፈትኩት ክርና የመጡት መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። ይህ ጥያቄ ሆዴ ውስጥ ከቆየ ዓመታት ሆኖታል። እዚህ ካለነው ፕሮግራመሮች መካከል ሀን፣ ሐን እና ኀን ወደ አንድ ፊደል የሚያመጣ ኮድ ያልጻፈ አለ? ለፍለጋ ማለቴ ነው። ተጠቃሚው ፀሐይ ብሎ ይፈልጋል፤ ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው ጸሀይ ነው፤ ሲስተሙም ምንም የለም ይላል። ስለዚህ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ እናመሳስላለን። እኔ ይህንን ኮድ አራት ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ በአራት መሥሪያ ቤት። አራቱንም ጊዜ ከባዶ ነው የጀመርኩት፣ ምክንያቱም የቀድሞው ኮድ የቀድሞው ቀጣሪዬ ንብረት ነው።

የቀን መቁጠሪያውም እንደዚሁ ነው። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ የሚቀይር ኮድ በየቢሮው አለ፤ ብዙው ግን ጳጉሜን ላይ ይሰናከላል። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። በዚያ ምክንያት የ2016 እንቁጣጣሽ የዋለው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ነው። እኔ የማውቀው አንድ ሲስተም አዲስ ዓመት ምንጊዜም ሴፕቴምበር 11 ነው ተብሎ ስለተጻፈ ጳጉሜን 6ን ጭራሽ አላወቃትም። ደረሰኙ ሁሉ በአንድ ቀን ቀድሞ ወጣ። እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ የበዓሉን ዋዜማ ቢሮ ስናርም አመሸን።

ይህን የምለው ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ማንም አይቶ፣ ወስዶ እንዲያሻሽለው የተከፈተ ኮድ፣ ለእኔ ትምህርት ቤቴ ስለሆነ ነው። ዌብ የተማርኩት ከጓደኛዬ በፍላሽ በገለበጥኩት ዛምፕ ነው። አፓቼ፣ ፒኤችፒ፣ ዳታቤዝ፣ ሁሉም በአንድ ፋይል፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ። ኢንተርኔት ካፌ ስገባ ደግሞ የወደድኩትን ገጽ ኮንትሮልና ዩ ተጭኜ ውስጡን አይና ሴቭ አድርጌ ቤት ወስጄ እፈታታው ነበር። ዛሬም የምሠራበት ሁሉ ክፍት ነው፦ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን)፣ ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ)፣ ፖስትግሬስ (ዳታቤዝ)፣ ቪዩ (የዌብ ገጽ መሥሪያ)፣ ቪኤስ ኮድ (ኮድ መጻፊያ)። ይህን ሁሉ ሰው ሠርቶ አስቀመጠልኝ። እኛ ግን ለራሳችን ፊደልና ለራሳችን ቀን የሚያስፈልገውን ትንሽ ኮድ እንኳ በአንድ ቦታ ከፍተን፣ አብረን አርመን አናውቅም፤ ቢያንስ እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች አላየሁም። ለምንድን ነው?

ክሩ፣ ማለትም የመድረኩ ውይይት፣ ስለረዘመ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው መልሶቹን በየቁጥራቸው ከዚህ በታች አስቀምጣለሁ። የፈረንጅ ዓመት ስጠቅስ የፈረንጅ እላለሁ።

1ኛው መልስ ከአዳማ ነው። ወንድማችን እሱ ያንን ኮድ ስንቴ እንደጻፈው መቁጠር እንደተወ ነገረን። የረሳሁትንም አስታወሰኝ፦ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ ራሳቸው በድምፅ አንድ ናቸው፤ ቋ እና ቁዋም አሉ። ቋንቋን ቁዋንቁዋ ብሎ የሚጽፍ ሰው ዛሬም አለ፣ በተለይ ስልክ ላይ ቋን ፈልጎ ያጣ። እውነቱን ነው። የእኔ አራቱም ኮዶች ቋን አይነኩም ነበር።

2ኛዋ ጎንደር የምታስተምር የቋንቋ መምህርት ናት፤ በጨዋ ቋንቋ ግን ጠንከር ብላ አረመችን። ፊደሎቹ ትርፍ እንደሆኑ አድርገን ማውራታችን አልተመቻትም። በግዕዙ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ፀሐይ እንደምትወጣው፤ ሰረቀ ደግሞ የሰው ዕቃ ወሰደ ነው። ሠዐለ ሥዕል ሣለ፣ ሰአለ ለመነ። ሁሉን ወደ ሰ እና ወደ አ ገልብጠን ዳታቤዝ ውስጥ ከከተትነው ሰውየው የጻፈው ጠፋ ማለት ነው፤ አይመለስም። ስለዚህ ጽሑፉ እንደተጻፈ ይቀመጥ፣ የሚመሳሰለው ለፍለጋ የሚሠራው ቅጂ ብቻ ይሁን አለች። ኮድ አትጽፍም። ከክሩ ሁሉ የጠቀመኝ መልስ ግን የእሷ ነው። ከአራቱ ሲስተሞች በአንዱ ላይ ዋናውን ጽሑፍ ራሱን ነው የቀየርኩት፤ ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር። የሰዎች ስም ነበር እዚያ ውስጥ። ዐቢይ ብሎ ያስመዘገበ ሰው አቢይ ሆኖ ወጥቷል።

3ኛው አጭር ነው። የቀን መቁጠሪያውን ለምን ትጽፋላችሁ፣ ብራውዘሩ ውስጥ አለ ባይ ነው። ኤፍ 12 ተጭነን፣ ኮንሶሉ ላይ ኢንትል የሚባለውን የጃቫስክሪፕት ክፍል ጠርተን፣ የኢትዮጵያን ካላንደር እንድንጠይቀው መከረ። ያን ሌሊት ሞከርኩት። መስከረምን፣ ጥቅምትን፣ ጳጉሜንን በአማርኛ ደርድሮ አወጣልኝ፣ ጳጉሜን 6ንም ጭምር። ይህን የሚሠራው አይሲዩ የሚባል ክፍት ላይብረሪ (የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) ነው፤ የወራቱ ስም የሚመጣው ደግሞ የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር የሚመዘግበው ዩኒኮድ ከሚያስተዳድረው ክፍት የቋንቋዎች መዝገብ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999፣ በ3.0 እትሙ ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ ጳጉሜንን ባይጽፍ ኖሮ እኔ ያን ሌሊት አላያትም ነበር።

ሆኖም ሁለት ነገር ይጎድለዋል፤ እዚያው መልስ ሰጠሁት። አንደኛ፣ ከፈረንጅ ወደ እኛ ቀይሮ ያሳያል እንጂ ተጠቃሚው ጥር 11 ብሎ ያስገባውን ወደ ፈረንጅ አይመልስም። ቴምፖራል የሚባለው አዲሱ ክፍል ይመልሳል፤ ግን ሁሉም ብራውዘር ላይ ገና አልደረሰም፣ የደንበኞቻችን ስልክ ደግሞ አሮጌ ነው። ሁለተኛ፣ ሰዓታችንን አያውቅም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ስንል እሱ የሚያሳየው 9 ሰዓትን ነው። ስድስቷን ሰዓት ራሳችን መቀነስ አለብን፤ ሌሊትና ንጋት ላይ ደግሞ ቀኑ መቼ ይለወጣል የሚለው ሌላ ጣጣ ነው። ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ የሚለውጥም አለ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የሚለውጥም አለ። የአውቶቡስ ትኬት ሲስተም የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል።

4ኛው ወጣት ተማሪ ነው። ከርዕሱ ወጥቶ በእጁ ባለው ገንዘብ ምን ላፕቶፕ እንደሚገዛ ጠየቀ። 5ኛውና 6ኛው ተከራከሩለት። አንዱ አዲስ ግዛ፣ ሌላው ያገለገለ ገዝተህ ራምና ኤስኤስዲ ጨምርበት፣ ከዚያ ሊኑክስ ጫንበት አሉት። እኔ በ6ኛው እስማማለሁ፤ የመጀመሪያ ሥራዬን የሠራሁት ዊንዶውስ ሲጫንበት ይንገዳገድ በነበረ ማሽን ላይ ሊኑክስ ጭኜ ነው።

7ኛው ስለ ቃሉ አነሳ። በፈረንጆቹ 1983 ግኑ የሚባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ያስታወቀው ሪቻርድ ስቶልማን፣ ፍሪ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ክፍያ የሌለውንና ነፃነት ያለውን በአንድ ስም ስለሚጠራ እስከ ዛሬ ሲያስረዳ ይኖራል። ኦፕን ሶርስ የሚለው ስም በፈረንጆቹ 1998 የመጣው አንዱም በዚህ ግርታ የተነሳ ነው። በአማርኛ ግን የሚለየው አንዲት በ ናት፦ በነፃ ሲባል ያለ ክፍያ፣ ነፃ ሲባል ጌታ የሌለበት። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። እኔ የመክፈቻ ጽሑፌ ላይ ያሰብኩት ነፃውን ነበር፤ ክሩ ግን ወደ በነፃው ሄደ።

ወደዚያ የወሰደው 8ኛው ነው፣ ሳያስበው። ኦፕን ሶርስ ማለት ደቦ ነው፣ አባቶቻችን የሠሩት ነው፣ እኛ ነን የረሳነው አለ። ብዙ ሰው ወደደለት።

9ኛው መልስ የአንድ ትልቅ ሰው ነው፤ ጋሼ ይሏቸዋል እዚህ፣ እኔም እንዲሁ ልበላቸው። ጡረታ ሳይወጡ በፊት በግብርና ኤክስቴንሽን ሠርተዋል። ደቦና ወንፈል እንደተምታታብን በትዕግሥት አስረዱን። ደቦ የሚጠራው ባለቤቱ ነው፤ ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ፣ የመጣውን አብልቶ አጠጥቶ ነው የሚያሠራው። ወንፈል ግን ቀን በቀን የሚመለስ ብድር ነው፦ አንተ ዛሬ የእኔን አረምክ፣ እኔ ነገ የአንተን አርማለሁ፤ ቀኑም ይቆጠራል። ኮዱን የከፈተው ሰው የትኛውን እንደጠራ ጠየቁን። ደቦ ከሆነ ማን ነው የሚያበላው? ወንፈል ከሆነ እናንተ የማንን ማሳ አረማችሁ? ከዚህ ጥያቄ በኋላ ክሩ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ።

ከዚያ 10ኛው መጣ፣ ከአዲስ አበባ፣ ተቆጥቶ። የቤት ኪራዩን በኮሚት፣ ማለትም በሚያበረክተው ኮድ፣ አይከፍልም። ሀብታም አገር ያለ ሰው ደሞዙን እየበላ ቅዳሜ ቅዳሜ ለኦፕን ሶርስ ይጽፋል፤ እኛ ደግሞ ከሥራ በኋላ ሌላ ሥራ ፈልገን ነው የምናድረው። የፊደሉን ኮድ ቢከፍተው ነገ አንድ ትልቅ ድርጅት ወስዶ ይሸጥበታል፣ እሱ ግን ስሙ እንኳ አይነሳም። እኔን ደግሞ በአየር ላይ የምኖር ሰው አደረገኝ።

11ኛው የባሰ ነበር። 10ኛውን ስግብግብ አለው፤ የሚሠራበትን ሁሉ በነፃ እየወሰደ አንዲት መስመር መስጠት የሚከብደው ሰው ፕሮግራመር ሊባል አይገባም አለ። አወያዩ አንድ ቃል ሰረዘበት።

12ኛው የእኔ ነው። መጀመሪያ የጻፍኩትን አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩ። 10ኛው ትክክል የሆነበት ቦታ ስላለ ነው። በፈረንጆቹ ማርች 2024 የሆነውን እናስታውስ። ኤክስዚ የምትባል ፋይል ማመቂያ አለች፣ አብዛኛው ሊኑክስ ውስጥ ያለች። ለዓመታት በዋናነት አንድ ሰው ነበር በትርፍ ጊዜው የሚጠብቃት። ሲደክመውና ሰዎች ፍጠን እያሉ ሲጫኑት፣ ሊያግዝ የመጣ የሚመስል ሌላ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሠርቶ እምነት አገኘና የኋላ በር፣ ማለትም ስውር መግቢያ፣ አስገባባት። የያዘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬስ ፕሮግራመር ነው፤ ወደ ሰርቨር መግባት በግማሽ ሰከንድ ዘገየብኝ ብሎ ለምን እንደሆነ ሲቆፍር ደረሰበት። ግማሽ ሰከንድ! ኮዱ ክፍት ባይሆን ቆፍሮ አይደርስበትም ነበር። ግን ደግሞ ያ ብቸኛ ሰው አጋዥና እንጀራ ቢኖረው በሩ ቀድሞም ላይከፈት ይችል ነበር። ጋሼ የጠየቁት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ለ10ኛው የመለስኩለት ስለ ልግስና ሳይሆን ስለ ጊዜ ነው፦ አራት ጊዜ የጻፍኩት ኮድ በድምሩ ስድስት ሳምንት ያህል በልቶብኛል። አንዴ ተጽፎ ክፍት ቢሆን ኖሮ ያ ስድስት ሳምንት ኪራይ ይከፍል ነበር።

13ኛው ሌላ ስጋት ጨመረ። በፈረንጆቹ 2016 አንድ ሰው በስም ጉዳይ ተጣልቶ ፓኬጆቹን ሁሉ ኤንፒኤም ከሚባለው የጃቫስክሪፕት ኮድ ማከማቻ ላይ አነሳ። ከነዚያ አንዷ ሌፍት ፓድ ናት፣ 11 መስመር፣ ከጽሑፍ በስተግራ ባዶ ቦታ የምትሞላ። እሷ ስትጠፋ ባቤልና ሪአክት የሚባሉትን የጃቫስክሪፕት መሣሪያዎች የሚጠቀም ብዙ ፕሮጀክት ሥራው ቆመ። የእኛም የፊደል ኮድ ትንሽ ስለሆነ ያው ዕጣ ይገጥመዋል የሚል ነው። ጥሩ ነጥብ ነው፤ መልሱ ግን አለመክፈት አይመስለኝም። ቅጂውን በየፕሮጀክታችን ማስቀመጥ ነው፣ ፈቃዱ ይህን እስከፈቀደ።

14ኛው እኔን አረመኝ። ቪኤስ ኮድን ክፍት ብዬ መዘርዘሬ ልክ አይደለም። ሶርሱ ከፈረንጆቹ 2015 ጀምሮ ኤምአይቲ በሚባለው የኮድ ፈቃድ ክፍት ነው፤ አውርደን የምንጭነው ግን ማይክሮሶፍት በራሱ ፈቃድ የሚያወጣውና የአጠቃቀም መረጃ የሚልከው ነው። ከሶርሱ ብቻ የተሠራው ቪኤስ ኮዲየም ይባላል። አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀይሬያለሁ፤ ሁለት ኤክስቴንሽን አጣሁ እንጂ ሌላው እንደነበረ ነው።

15ኛዋ ከሀይፋ ናት፣ የዌብ ሥራ የምትሠራ እህት። ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ወጥቶ ለሁሉ መታየቱ ብቻ ኮድን ክፍት እንደማያደርገው ጻፈች። ፈቃድ ካልተጻፈበት መብቱ የጻፈው ሰው ነው፤ ማየት ይቻላል፣ ወስዶ መሥራት ግን አይቻልም። ብዙዎቻችን ይህን አናውቅም። እኔ ራሴ ፈቃድ የሌላቸው አሥራ አንድ ፕሮጀክቶች ነበሩኝ። ለ10ኛውም መልስ አላት፦ ሌላ ሰው አሻሽሎ ሲያሰራጨው የራሱንም እንዲከፍት ከፈለገ ጂፒኤል አለለት፤ ማንም እንደፈለገ ይውሰድ ካለ ኤምአይቲ። ሁለቱም የጸሐፊው ስም እንዲጠፋ አይፈቅዱም።

16ኛው እስከ 18ኛው ስለ ዳታ ዋጋ ነው። አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ስትጀምር ኤንፒኤም የሚያወርደው ፋይል ብዛት ሁሉንም አማርሯል። ከደሴ የጻፈው ቢሮ ሲገባ ብቻ እንደሚያወርድ፣ ከዚያ ቤት ካሹን (ቀድሞ የወረደውን ቅጂ) ተጠቅሞ እንደሚሠራ አስረዳ። ሌላው ዴቭዶክስ የሚባለውን የፕሮግራመሮች መመሪያ ከመስመር ውጭ እንዴት እንደሚያነብ፣ ሦስተኛው ኪዊክስ (ድረ ገጽ ያለ ኢንተርኔት ማንበቢያ) ላይ የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ የሆነውን ስታክ ኦቨርፍሎውን ሙሉውን በፍላሽ ለጓደኞቹ እንደሚያዞር ነገረን። የእኔ የዛምፕ ፍላሽ ትዝ አለኝ። 19ኛዋ ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ኮምፒውተር የላትም። ስልኳ ላይ ተርመክስ የሚባል የኮድ ማስኬጃ ጭና፣ ማታ ማታ ክፍሏ ስትገባ ጃቫስክሪፕት ትማራለች፤ ተርመክስም ክፍት ነው። ምንም አልጠየቀችም፣ ኮዱ ሲከፈት እንድትሞክረው ብቻ እንድንነግራት ፈለገች። ከዚያ በኋላ ስለ ጭቅጭቁ መጻፍ የፈለገ ሰው አልነበረም።

20ኛው እንደገና 10ኛው ነው። ተረጋግቷል። አሁንም ስለ ኪራዩ አልተወም፤ ግን እሱ ዘንድ ያለው ኮድ ከሁላችን የተሻለ እንደሆነ፣ ቋንና ኳን እንደሚያውቅ፣ የጻፈውም በራሱ ጊዜ በራሱ ማሽን ስለሆነ የማንም ቀጣሪ ንብረት እንዳልሆነ ነገረን። በጂፒኤል ከሆነ እከፍታለሁ አለ። 11ኛው ይቅርታ ጠየቀው። በ21ኛው መልስ ሊንኩን አስቀመጠ።

22ኛዋ የሀይፋዋ እህት ናት፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ስህተት አገኘች። ኋን ሳይነካው ያልፋል። ኋላ ብሎ የሚፈልግ ሰው ሁዋላ ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም ተቀበለኝ የሚል የኮድ ማስተካከያ፣ ላከች፤ ተቀበላት። የአዳማው ወንድማችን ደግሞ ጥር 11ን ወደ ፈረንጅ የሚመልሰውን ክፍል ለብቻው ጀምሯል፤ የዘመን መለወጫው በሴፕቴምበር 12 የሚውልባቸውን ዓመታት ሁሉ ፈተና ውስጥ አስገብቷቸዋል።

23ኛው የመጨረሻው ነው፣ እስከ ዛሬ። የጎንደሯ መምህርት ናት። በፊደል ብቻ የሚለያዩ ቃላትን በእጇ በወረቀት ጽፋ፣ ፎቶ አንስታ ለጥፋለች፤ ፍለጋው ሁለቱንም እንዲያገኝ፣ ዋናው ጽሑፍ ግን እንዳይነካ እንድንፈትንበት። አርባ ጥንድ ናቸው። ዛሬ ማታ ወደ ፈተናው ፋይል እየገለበጥኳቸው ነው። 17ኛው ላይ ነኝ፣ ሠረቀና ሰረቀ አልፈዋል።